እትዬ ሙሉ ያልዋጠችው ኪኒን

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቂልነቴን ላስቀድምላችሁ፦ እኔ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ሲባል ሽሮ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነበር የሚመስለኝ። የእህቴ ደም ቀጥኖ፣ አንዴ ከተነካ እንደፈነዳ ቧንቧ ሲንዠቀዠቅ ይታየኝ ነበር። ይቺን ዕውቀት ይዤ ነው እንግዲህ በሰው ነፍስ ላይ የወሰንኩት።

እትዬ ሙሉ ታላቅ እህቴ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ያሳደገችኝም እሷ ነች። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት፣ ደሟ እዚያ ላይ እንዳይረጋ በየማታው ኪኒን ትውጣለች። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን ነው የምንኖረው።

አንድ ጊዜ የመንጋጋ ጥርሷ በስብሶ እንቅልፍ ሲነሳት፣ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። እኛ አገር መቼም ሐኪም ነገሩን የሚያስረዳው ለታማሚው ሳይሆን ለአስታማሚው ነው። ወጣቱ የጥርስ ሐኪም የደም ምርመራዋን አየና ወደኔ ዞረ። ውጤቱ ጥሩ ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ እነቅልላቸዋለሁ፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቆሙ አለኝ። የድድ ደም በስፌትና በፋሻ ይያዛል፣ ልብ ላይ የረጋ ደም ግን እጄ አይደርስበትም ብሎ አስረዳኝ። እኔ ያኔ ምን እያደረግኩ ነበር? ቀልድ እያዘጋጀሁ! ጥርሷ ሲወጣ “ከእንግዲህ ቆሎ በወሬ ነው” ልላት።

እኔ እኮ ጠያቂ ሰው ነኝ። የታክሲ ሹፌሩን ስለ ፍሬኑ፣ ሰፈራችን ካለው ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመውን ባለጉዳይ ስለ ክሱ ሳልጠይቅ አላልፍም። ታዲያ ደም የሚያቀጥን ነገር እየዋጡ ጥርስ መነቀል እንዴት ይሆናል ብዬ ሐኪሙን ለምን አልጠየቅኩትም? ራሴን ጠየቅኩ፣ ራሴው መለስኩ። ቤት ስንገባ “ቁስሉ እስኪደርቅ ኪኒኑ ይቁም ብሏል ዶክተሩ” አልኳት። እሱ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።

ጥርሷ ተነቀለ። እምብዛም አልደማችም፤ እኔም “አየሽ?” ብዬ ተኮፈስኩ። ከተነቀለች በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። አፏ ተጣመመ። ሊፍት የለንም፤ ጎረቤቶች ወንበር ላይ አስቀምጠው እየተቀባበሉ አወረዷት። ሆስፒታል፣ ልቧ ላይ የረጋ ደም ወደ አንጎሏ ሄዷል አሉን። “መድኃኒት አቋርጠዋል?” ተብዬ ስጠየቅ፣ “የጥርስ ሐኪሙ አስቁሟት ነው” አልኩ። እንዴት ቶሎ መጣልኝ! ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም ብርጭቆ የምታነሳው በግራዋ ነው።

ልጇ ቢኒያም ወደ ክሊኒኩ ገሰገሰ፤ እኔም ተከተልኩት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “አንተ ሉካንዳ ነው መክፈት ያለብህ!” ብሎ ጮኸበት። ሐኪሙ “እንዳያቆሙ ብዬ ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ” አለና አየኝ። ቢኒያምም አየኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ ሥዕል እያየሁ፣ “እንደሱ ስትል አልሰማሁም” አልኩ።

ኪኒኑን ያስቆምኩት ባለማወቅ ነው እንበል። ይኼንንስ? ይኼንን ያደረግኩት እያወቅኩ ነው። ቂል ነበር ብላችሁ አትለፉኝ። ቂልነቴ የእህቴን እጅ ወሰደ፤ የሐኪሙን መልካም ስም የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት ቆይቼ ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። በቀልድ ልጀምር ብል አንድም አልመጣልኝም። እንዳለ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና ጓንቱን አወለቀ።

“እህትዎ እስከ ዛሬ ያስቆምኳቸው እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት?”

“አዎ።”

“ታዲያ እኔ ጋ ምን ያደርጋሉ፣ ጋሼ? እሳቸው እኮ ቤት ናቸው።”