የአሥራ አራት ሴቶች ከበሮ

ካሰች ወልደ ሚካኤል ቁጡ ናት፤ ይህን መካነ ሰላም ገበያ ወጥቶ ከእሷ ጌሾ የሸመተ ሁሉ ያውቃል። ባሏ ክንፈ እንኳ፣ "ካሰች ሳትቆጣ ከዋለች አሟታል ማለት ነው" እያለ ይቀልድባታል። ሐሰት አይወራም፤ በከንቱ ስትቆጣ ያየ የለም። ወፍጮ ቤት ተራ የሚዘልል ስታይ ትቆጣለች። ጌሾውን በውሃ አርሶ ሚዛን የሚያከብድ ነጋዴ ስታይ ትቆጣለች። እንግዲህ በተራና በሚዛን እንዲህ የምትሆን ሴት፣ ያን የስም ዝርዝር በሰማች ቀን ደሟ ቢፈላ ማን ይፈርድባታል?

በእነሱ መንደር ግንቦት ልደታ ሲደርስ ሴቶቹ ከወይራው ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ንፍሮው ከተቀመሰ በኋላ ከበሮው ከጭን ወደ ጭን ይዞራል። ከበሮው የደረሳት ሴት ለማርያም ሁለት ስንኝ ታወርዳለች፤ ሌሎቹ እያጨበጨቡ "እሰይ እሰይ" ብለው ይቀበሏታል። ስንኙ የራሷ መሆን አለበት። የጎረቤቷን ስንኝ የደገመች ዓመቱን ሙሉ ይሳቅባታል። "ዛሬስ ይለፈኝ" ማለትም የለም፤ ያመማትም ያዘነችም ታወርዳለች፣ ከበሮ ባዶውን አያልፍም።

ካሰች ከአባይ አፋፍ ተድራ ስትመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአማቷ ግልምጫ በቀር የሚያናግራት አልነበረም። እጇን ይዘው ከክቡ ያስገቧት ጎረቤቷ እትዬ እንቁ ናቸው። ከበሮው ሲደርሳት ማልቀስ ጀመረች።

"ያስለቀሰሽን አውርጂው እንጂ ምን ያነፋርቅሻል!" አሏት እትዬ እንቁ።

እሷም አማቷን እዚያው በተቀመጡበት ለማርያም ከሰሰቻቸው፣ በሁለት ስንኝ። ሴቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አማቷም ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ልደታ አልፏል። ካሰች አራት ወልዳ አሳድጋለች፣ ድምፅዋም ጎልምሶ በአካባቢው አቻ የለውም ተብሏል። እትዬ እንቁ ደግሞ ስድሳ ስምንት ዓመታቸውን ይዘው፣ አሁንም በስንኝ የሚረታቸው አልተገኘም።

የሁለተኛ ደረጃው መምህር የኔአለም አንድ ልደታ ላይ በስልኩ ቀረጻቸውና ለዓለም ለቀቀው። ስሎቫኪያ በምትባል አገር በየዓመቱ የመዘምራን በዓል አለ አሉ። እንጀራቸው ዜማ ያልሆነ፣ አናጢው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ደስ ስላለው ብቻ የሚያዜም ሁሉ ከየአገሩ ተሰብስቦ ይዘምራል። ከዚያ በዓል አዘጋጆች ደብዳቤ መጣ፤ አሥራ አራታችሁም ኑ፣ መሳፈሪያችሁም ማደሪያችሁም በእኛ ይላል። መምህሩ ሲያነብላቸው ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

"ብርዱ ከአቀስታ ይብሳል?" ብለው የጠየቁት እትዬ እንቁ ናቸው።

"ሳይብስ አይቀርም፣ እማማ።"

"እንግዲያ ሁለት ጋቢ እይዛለሁ" አሉ፣ ጉዳዩ እንዳለቀ ሁሉ።

ምን ያደርጋል! በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። መምህሩ ስለ ፓስፖርትና ስለ ቪዛ አያውቅም፤ ሴቶቹም አያውቁም። የሚያውቅ ተገኘ፤ አሳምነው የሚባል የአገሩ ልጅ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሰው ጉዳይ የሚያስፈጽም። "ለአገሬ እናቶች ነው፣ በነፃ እሠራዋለሁ" ብሎ መኪናውን አስነስቶ መጣ። መረቁት። እግሩን ሊስሙት ምንም አልቀራቸው። ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፋቸውን፣ መታወቂያቸውን አስረክበው ጠበቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይኸው ነው።

በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰበሰባቸውና የሚሄዱትን ስም አነበበ። ዘጠኙ የእነሱ ነው፣ ካሰችና የሻለም እያለ ወረደ። ከዚያ አምስት እንግዳ ስም መጣ። የመጀመሪያው ሐረግ አሳምነው ይላል። ሴቶቹ ተያዩ። የአባት ስም እንደሆነ አይደበቅ።

"እትዬ እንቁስ?" አለች ካሰች።

"ዕድሜያቸው ለገፋ ቪዛ አይሰጡም። አምስቱን ያስቀረሁት ዘጠኛችሁን ለማዳን ነው።"

"ሐረግ ልጅዎ ናት?"

"ታስተባብራችኋለች።"

"ከበሮ ይዛ ታውቃለች?"

አሳምነው ሳቀ። "አንቺ ደሞ! ፈረንጅ ምኑን ያውቃል? ታጨበጭባለች፣ እሰይ እሰይ ትላለች፣ አለቀ።"

ይህን የተናገረው እትዬ እንቁ በቆሙበት ነው። "አንተ!" አለችው ካሰች፤ እስከዚያ ቀን "አንቱ" ስትለው ነበር። "አንተ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነህ? የደሀ ሴት ስም ፍቀህ የልጅህን ስትጽፍ እጅህ አይንቀጠቀጥም?"

"በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ካሰች" አለ፣ ወረቀቱን እያጠፈ። "ከጮኽሽ አንቺም ትቀሪያለሽ። ቦታሽን የሚወስድ አላጣም።"

ያን ቀን ማታውን እትዬ እንቁ ቤት ሄዳ፣ "አልሄድም፣ ገደል ይግባ!" አለች። እትዬ እንቁ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። እጃቸውን አላቆሙም።

"ብትቀሪ እኔን ምን ጠቀምሽኝ? ከእኔ ጋር ተቀምጠሽ ባቄላ ልትፈለፍዪ? ስሚኝ። እኔ ተናድጃለሁ፣ ንዴቴን ለእኔ ተይልኝ። ዘጠኝ ሴት ከዚህ መንደር ወጥታ ዜማችንን እዚያ ካሰማች ይበቃኛል። ሂጂ፣ ነገር አታበላሺ። እሺ በይኝ።"

"እንዴት እሺ ልበል?"

"በማርያም! እሺ በይኝ።"

"እሺ" አለች ካሰች፤ እያረረች ነው ያለችው።

አዲስ አበባ ቪዛ የሚጠየቅበት ቤት በር ላይ ጠባቂው ከበሮውን አገላብጦ ሦስት ጊዜ አንኳኳው። "ውስጡ ምን አለ?" ቢላት ካሰች "ምን ይኖራል፣ ድምፅ ነዋ!" ብላው ገባች። አሳምነው ክራቫት አሥሮ ከፊት ከፊታቸው ይላል። የጨመራቸው አምስቱ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። ሐረግ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ከሴቶቹ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም መሬት መሬት ታያለች። አሳምነው ለካሰች በጆሮዋ፣ "አንቺ ብቻ ታወርጃለሽ፣ ሌላው ይቀበላል። ከዚያ ዝም" አላት። እሺም እምቢም አላለችው።

ከውስጥ የተቀበለቻቸው ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ናት፤ ቃሏን የሚተረጉም አንድ ወጣት አብሯት አለ። ወረቀታቸውን ስታገላብጥ ቆየችና፣ "መዘምራን ናችሁ ይላል። እስቲ ትንሽ አሰሙኝ" አለች። ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ካሰች ከበሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ መታችና አወረደች፦

"ካባይ ገደል አፋፍ ማርያም ብዬ ብጠራ፣
መለሰልኝ ድምፄን ማዶ ያለው ተራራ።"

"እሰይ እሰይ!" አሉ። አምስቱ ጭብጨባው ቢያመልጣቸውም ከስምንቱ ድምፅ ሥር ተደበቁ። ፈረንጇ ፊቷ በራ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። "በጣም ደስ ብሏታል" አለ አስተርጓሚው። ወረቀቶቹን ሰብስባ ብዕሯን አነሳች። አለቀ፣ ተሳካ። በዚያ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ይህ ሁሉ ባልተወራ።

አሳምነው ከወንበሩ ሆኖ ካሰችን ጠቀሳት።

ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ? በአንድ ዓይኑ፣ እንደ ሌባ ጓደኛው ጠቀሳት፤ "አታለልናት አይደል?" የሚል አጠቃቀስ። የካሰች ደም ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ አናቷ ላይ ወጣ። ከበሮውን ከጭኗ አንሥታ በቀኟ ለተቀመጠችው ለሐረግ አሻገረችው።

ልማድ ክፉ ነው። ከበሮ ሲያልፍ ያዩት ስምንቱ ሴቶች ሳያስቡት ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ስንኙን ሊቀበሉ። ያጨበጭባሉ፣ ሐረግ ከበሮውን አቅፋ ዝም ትላለች። ያጨበጭባሉ፣ ልጅቷ ወደ አባቷ ታያለች። ፈረንጇ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ምን እየጠበቃችሁ ነው ትላለች" አለ አስተርጓሚው።

"ጉሮሮዋን አሟት ነው!" አለ አሳምነው ብድግ ብሎ።

"ያመማትም ታወርዳለች!" አለች ካሰች። "ከበሮ የደረሳት ታወርዳለች፣ የአገራችን ወግ ነው። ይህች ወጉን አታውቅም፣ የእኛ አይደለችም። ይህ የእትዬ እንቁ ቦታ ነው፤ እሳቸው መካነ ሰላም ቀርተዋል፣ ይኸ ሰውዬ ስማቸውን ፍቆ የልጁን ጻፈበት። ተርጉምላት!"

አስተርጓሚው አመነታ። "ተርጉም እንጂ!" ብላ ጮኸችበት፤ ተረጎመ። ፈረንጇ በቀስታ ሐረግን ጠየቀቻት። ልጅቷ ከበሮውን መሬት አስቀምጣ አለቀሰች። "አባቴ ነው ግቢ ያለኝ" አለች።

በማግሥቱ አሥራ አራቱም ፓስፖርት ባዶውን ተመለሰ። ማመልከቻው አንድ ነው፣ ውሸት ከተገኘበት ግማሹ አይጸድቅም ተባሉ። መምህር የኔአለም በስልክ ቢለምን፣ ቢማጠን ሰሚ አላገኘም፤ በዓሉ ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። አሳምነው መኪናውን አስነሥቶ ጠፋ። እሱ ምን ጎደለበት? ነገ ሌላ ጉዳይ ያስፈጽማል፤ አፈር ያስበላውና!

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ከካሰች ጎን የተቀመጠ የለም። አቀስታ ሻይ ለመጠጣት ሲወርዱ ስምንቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው እሷን ለብቻዋ ተዉዋት። ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

"ሌባው አሳምነው ሆኖ ሳለ ፊት የምትነሱት እኔን ነው? የአብዬን ወደ እምዬ አሉ!"

የሻለም ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከሁሉም ዝምተኛዋ እሷ ናት፣ ክፉ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። "እሱ የአምስት ሰው ቦታ ሰረቀ" አለች። "ስምንታችንን ያስቀረሽን አንቺ ነሽ። የእኔን ቦታ ማን ሰጥቶሽ ነው ያቃጠልሽው?"

ካሰች መልስ ነበራት፣ ብዙ መልስ ነበራት፤ ግን የሻለም ፊቷን አዞረች። ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ድረስ መልሶቹን በሆዷ ስትደረድር ሄደች። እነሱ ይበሉ፣ እትዬ እንቁ ያውቁልኛል፤ እሳቸው ይመርቁኛል፤ ቢያንስ አንድ ሰው በዚህ ምድር ላይ እውነት ያውቃል፤ እያለች።

ቤቷም ሳትገባ በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄደች። ከደጃፉ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው። ከበሮውን ለሐረግ ያሻገረችበትን ስትነግራቸው ድምፅዋ ከፍ ከፍ አለ፤ "ስምዎን እዚያ ፈረንጅ ፊት ጠራሁት፣ እትዬ!" አለች።

"ጨረስሽ?" አሉ።

"ጨረስኩ።"

"ሂጂ፣ አታበላሺ ብዬሽ አልነበር?"

"እርስዎን ዘርፎዎት እንዴት ዝም ልበል?"

"ዘረፈኝ!" አሉ እትዬ እንቁ፤ እንዲህ ሲጮኹ ካሰች ሰምታቸው አታውቅም። "እሱ ሌባ ነው፣ ከሌባ ምን ይጠበቃል? አንቺ ግን እሺ ብለሽኝ ሄድሽ። ከዚያ በእኔ ስም ስምንት ሴት ጣልሽ። ከእንግዲህ የሻለም በደጄ ስታልፍ ምን ትላለች? 'በእንቁ የተነሣ ቀረሁ' ነው የምትለው! እኔ እንዲህ አድርጊልኝ አልኩሽ?"

"ተናድጄ ነው፣ እትዬ። ለእርስዎ ተቆርቁሬ…"

"ለእኔ?" አሉ፣ ቀረብ ብለው ዓይኗን እያዩ። "ማርያም ትስማሽ። ከበሮውን ያን ጊዜ ያነሣሽው ለእኔ ብለሽ ነው?"

ካሰች አፏን ከፈተች። የአሳምነው ዓይን ብቻ ነው የመጣባት።

"ጠቀሰኝ" አለች። "እንደ ሌባ ጓደኛው ጠቀሰኝ፣ እትዬ። ያን ጊዜ እርስዎን አላስታወስኩም።"