ዳኛው በጥቁር ጨርቅ

ባለቤቴ አንድ ነገር ካለ አለ ነው። ቦሌ፣ አይሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በነበረ መሥሪያ ቤት፣ የፀሐይን የማይታይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚሉትን፣ የሚለኩ መሣሪያዎችን ይጠብቅ ነበር። መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ፣ ሠራተኛው የሚለው፣ ክረምት ከበጋ ጣሪያ ላይ ሲለካ ይውላል። ሌላው በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ዳኛው ይለዋል። ዳኛው በዓመት አንዴ፣ ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ በቀትር ይወጣና ከሠራተኛው ጎን ይቀመጣል። ቁጥራቸው ከተለያየ ሠራተኛው ይስተካከላል።

«ለምን በየዓመቱ? በሁለት ዓመት ቢሆን ምን ሰማይ ይደፋብናል?» እለው ነበር።

«ፀሐይ ላይ የዋለ ዓይን ይደክማል። መድከሙን ደግሞ ራሱ አያውቀውም። ዓመት ካሳለፍሽ የምታነቢው ቁጥር ውሸት ነው።»

«ምነው ሰውንም እንዲህ በየዓመቱ የሚያስተካክልልን በተገኘ!» ስለው ከት ብሎ ይስቃል።

በዚያ ክፉ ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ መውጣት ተከለከለ። አይሮፕላን በሚያርፍበት በኩል ሽቦና መስታወት ደግኖ የታየ ሰው ምን ይባላል? ሰላይ ነዋ! አለቃው «ዘንድሮ ይለፍህ» አለው። የኔ ሰው ግን ሁለቱንም መሣሪያዎች በዘንቢል አድርጎ ጉርድ ሾላ ቤታችን ይዟቸው መጣ።

እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። «ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ አንተን የፀሐይ ነገር ያስጨንቅሃል? ስለ እመብርሃን ተወው!»

«ዓመቱ ሞልቷል» አለ። በቃ።

እሑድ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። እኔ መሰላሉ ስር ቆምኩ። ሥራዬ ማስተያየቱ እንዳለቀ ጨርቁን ዘርግቼ ዳኛውን መቀበል፣ ቶሎ ጠቅልዬ ጓዳ ማስገባት ነው፤ ብርሃን እንዳይበዛበት። አቀበለኝ። ጓዳ ገብቼ ሣጥኑን ሳልዘጋው የግቢው በር ተደበደበ። ጎረቤት አይቶት ኖሮ ለቀበሌ ጥበቃዎች ነግሯቸዋል።

«ውረድ! ለማን ነው የምታስተላልፈው?»

«ፀሐይ ነው የምለካው።»

«ፀሐይ ደግሞ ትለካለች እንዴ?» ብለው ሳቁበት። እሱንና ጣሪያው ላይ የቀረውን መሣሪያ ይዘው ሄዱ። አጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሸፈንሽው?» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው። ምናለ ለእኔ አንዲት ቃል ቢተውልኝ! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደታሰረበት ስንቅ አመላለስኩ። አንድ ቀን ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰና «እዚህ የለም» ተባልኩ። ሞቷል ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም። ሬሳ ሳያዩ፣ መርዶ ሳይሰሙ እርም እንዴት ይወጣል? ዳኛውን ጠበቅኩለት። ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቀኝ አውቅ የለ!

ኅዳር በገባ ቁጥር በቀትር ቆርቆሮው ላይ እርምጃ እሰማለሁ። ጎረቤቶቼ ቆርቆሮ ሲሞቅ ይንጣጣል ይሉኛል። ወግ አይቀር! የቆርቆሮ ድምፅ መቼ ጠፋኝ? ይሄ ምስማር የተመታበትን እየመረጠ፣ ቀስ ብሎ የሚረግጥ ሰው ነው። መሰላሉ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል። ያኔ እፈራለሁ። የገዛ ባሌን እፈራለሁ።

ከዓመታት በኋላ ያ መንግሥት ሲወድቅ ሣጥኑን አቅፌ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። በቦታው የተተካው ጎልማሳ በክብር አስቀመጠኝና መሣሪያውን ገላልጦ አየው።

«እትዬ፣ ይሄኛው ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው?»

«እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም አልነካውም። አንድም ቀን ብርሃን አላሳየሁትም።»

ዓይኑን ሰበረ። «ጨለማ ውስጥም ያረጃል፣ እትዬ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳይፈተሽ ከርሞ ከእንግዲህ አይታመንም።»

እሱ ስለ ዕቃው ቢያወራም የባሌን መርዶ የሰማሁት ያኔ ነው። እዚያው ወንበሩ ላይ እዬዬ አልኩ። ሰውየው ግራ ገብቶት ውሃ አመጣልኝ። መሣሪያውን ትቼላቸው ጨርቁን ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

እርሜን ያወጣሁ መስሎኝ ነበር። ኅዳር መጣ። በቀትር ያ እርምጃ ቆርቆሮውን አቋርጦ መጣና መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆመ። ጨርቁን ዘርግቼ ከስር ቆምኩ።

«ሸፍኜዋለሁ» አልኩት። «በቃ ውረድ።»