ወይ ሁላችን ወይ ማናችንም

ሻንጣው ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው የበርበሬ ሽታ ነው። ያረጀ፣ የደከመ፣ ግን አሁንም አፍንጫ የሚቆነጥጥ በርበሬ። ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ልጠይቅ ልደታ ሄጄ ነው። የድሮው ቤታችን ፈርሶ አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። «ከአልጋው ሥር ብርድ ልብስ አለ፣ አውጪልኝ» ብላኝ ተንበርክኬ ስጎትት፣ ብርድ ልብሱን ትቼ ይሄን ቡናማ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ። አስነጠሰኝ። እማዬ ከሳሎን ሆና «ይማርሽ» አለች፤ ምን እንደከፈትኩ ግን አላየችም።

እኔ እንግዲህ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ባለቤቴ «ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ይለኛል። ሰው ቤት ስጋበዝ በሩ የሚታይበት ቦታ ነው የምመርጠው። ቤቴ ደጃፍ አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት የተሞላች ቦርሳ አለች፤ የትም አልሄድባትም፣ ግን አላነሳትም። ይሄን አመል ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ።

አባዬ አየር መንገድ ውስጥ መካኒክ ነበር። ለሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት ይሰጣል፤ ግን ቁርጡ የማይታወቅ ትኬት ነው፣ «ስታንድባይ» የሚሉት። ከፍሎ የሚሄደው መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ትሄዳለህ፤ ካልተረፈ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወደ ቤትህ። እኛ ዓለምን የዞርነው በትርፍ ወንበር ነው። ሌላው ሰው አገር ይመርጣል፤ እኛን አገሩ ነበር የሚመርጠን። አንዴ ፍራንክፈርት ልንሄድ ካፖርትና ሹራብ አጭቀን ወጣን። አውሮፕላኑ ሞላ። አባዬ ወዲያ ወዲህ ሮጦ ሲመለስ «ሞምባሳ ቦታ አለ! ቪዛም አይጠይቁም፣ ፍጠኑ!» አለ። ሞምባሳ ባሕር ዳር በሱፍ ሹራብ የተነሳነው ፎቶ አሁንም አለ፤ የአራታችንም ፊት ቲማቲም መስሎ። ታናሽ ወንድሜ ካፖርቴን አላወልቅም ብሎ ያለቅሳል። ፍራንክፈርት ነው ተብሏላ!

አቴንስ ሦስት ቀን ሄደን ሁለቱን ቀን ኤርፖርት ነው የዋልነው፣ መመለሻ ወንበር ስንጠብቅ። ከቦምቤይ የቀረኝ እርጥብ አፈር የሚሸት ዝናብና በሰው መሐል እጄን ጨምቆ የያዘኝ የእማዬ እጅ ነው። የትም ብንሄድ ግን የአባዬ ሕግ አንድ ነበረች። አራት ወንበር ካልተገኘ አንሄድም። ሦስት አለ ቢሉት ራሱን ይነቀንቅና «ወይ ሁላችን፣ ወይ ማናችንም» ይላል። ያቺን ቃል እኔና ወንድሜ ከአባታችን ሆይ እኩል ነበር የምናውቃት።

ያም ሆኖ የከበደን ኤርፖርቱ አልነበረም። የከበደን ልደታ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ውጭ አገር ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ይሸኛል። ዋዜማውን ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይለቀሳል። ከዚያ ጥቅሉ ይመጣል፤ ለእገሌ ልጅ ሽሮ፣ ለእገሊት እህት ድርቆሽ። በማግስቱ ያው ሻንጣ፣ ያው ሰዎች ከታክሲ ሲወርዱ አስቡት እስኪ! አንዴ ሁለቴ «እሰይ፣ እግዜር ከክፉ ሲያተርፋችሁ ነው» ተባለልን። ከዚያ በኋላ ስም ወጣልን፣ ደርሶ መልሶች። ልጆቹ «ደርሶ መልሶች መጡ!» እያሉ ከኋላችን ሲሮጡ አባዬ ይስቃል። እማዬ ግን አንገቷን ደፍታ ነበር የምትገባው።

የሮሙ ጊዜ ግን ሳቅ የሌለበት ነበር። የእማዬ ታላቅ እህት ሮም ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች እማዬን ያሳደገቻት እሷ ናት። ታመመች። ቀዶ ጥገና የሚደረግላት ቀን ተቆርጦ በስልክ «ከዚያ በፊት ዓይንሽን ልየው» አለቻት። እማዬ ስልኩን ዘግታ ግድግዳውን ተደግፋ ስትቆም አይቻታለሁ። ቪዛው በስንት መከራ ተገኘ፤ አባዬ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰደ። በዚያ ሳምንት ወንበር ካልተገኘ በቃ፣ እህትማማቾቹ ሳይተያዩ ቢላዋው ሊቀድማቸው ነው። እማዬ በርበሬውን በእጇ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አስፈጭታ ፌስታል ውስጥ ቋጠረችው። አባዬ በማርከር የአክስቴን ስም ጻፈበት።

ሰኞ ጠዋት አውሮፕላኑ ሞላ። በላዳ ታክሲ ስንመለስ ልደታ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እማዬ «አቁምልኝ» አለች። «አልገባም። ትናንት አልቅሰው የሸኙኝን ሰዎች በምን ፊቴ አያቸዋለሁ? ደግሞ በእሷ ጉዳይ ደርሶ መልስ አልባልም።» አባዬ ሊያባብላት ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! ሰው ሁሉ ለምሳ እስኪገባ ጠብቀን፣ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር በኩል በቅያስ ዞረን፣ አባዬ ጎማው እንዳይንኳኳ ሻንጣውን ተሸክሞት፣ ሌባ መስለን ገዛ ቤታችን ገባን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰፈሩ እኛ ሮም ነን። ሊነጋጋ ሲል ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎቹ ሳይወጡ ቀድመን እንወጣለን፤ ቀትር ላይ በዚያው ቅያስ ተደብቀን እንመለሳለን። መስኮት ዝግ፣ ሬዲዮ ዝግ። ሽንኩርት ማቁላላት ክልክል፤ ይሸታላ! ለአክስቴ የተዘጋጀውን ዳቦ ቆሎ ነው የምንበላው፣ እሱም ሲቆረጠም ይሰማል ተብሎ አፋችን ውስጥ እያሟሟን። በመስኮቱ ስንጥቅ የምትገባው አንዲት መስመር ብርሃን ወለሉን አቋርጣ እስክትጨርስ ዓይናችንን ተክለን እናያታለን። ከውጭ ጓደኞቼ ገመድ ይዘላሉ። ገመዱ መሬት በመታ ቁጥር እግሬ ፍራሹ ላይ ይፈራገጣል፣ እማዬ ጉልበቴን ትይዘኛለች፣ እሷ ስትለቀኝ ደግሞ ይጀምራል። አሁንም አለቀቀኝም፤ ይሄን ስነግራችሁ ራሱ ሁለቴ ተነስቻለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በሩ ላይ ቁልፍ ተሽከረከረ። ለጎረቤታችን፣ እኛ ልጆቹ እትዬ ለምንላቸው ሴትዮ፣ ደጃፍ ያለውን ጤና አዳም እንዲያጠጡልን ቁልፍ መስጠታችንን ማናችንም አላስታወስንም። ውኃ መቅጃ ጣሳ ፍለጋ ገቡ። አራታችን በጨለማው አልጋ ላይ ተደርድረን፣ ጉንጫችን በዳቦ ቆሎ ተወጥሮ። እትዬ አማተቡ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ሮም እንዴት ናት?» አሉ።

አባዬ ሳቁ አመለጠው፤ እማዬ እንባዋ። ከውጭ የሌላ ሴት ድምፅ «ምን ተገኘ እዚያ?» ሲል እትዬ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ምንም! ድመት ናት!» ብለው በሩን ዘጉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጤና አዳሙ በቀን ሁለቴ ይጠጣ ጀመር። በጣሳው የሚመጣው ግን ምስር ወጥ ነበር።

ረቡዕም ሞላ። ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ቆመናል፤ የወለል ሰምና የሰው ሽቶ ይሸታል፣ ድምፅ ማጉያው የማይገባኝን ያወራል። ትኬት ቆራጩ ከመዝገቡ ቀና አለ። «አንድ። አንድ ብቻ ነው፣ አሁኑኑ!»

አባዬ እማዬን አያት። ሕጉን ሲያፈርስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ሂጂ» አላት። «ልጆቹን እኔ አለሁላቸው። ሂጂ እንጂ!» እማዬ ሻንጣውን አነሳች፤ አንድ እርምጃ ተራመደች። እኔ ቀሚሷን ያዝኩ። በሁለት እጄ፣ በሙሉ ኃይሌ። «ወይ ሁላችን ወይ ማናችንም! አባዬ ብለሃል! ብለሃል!» አዳራሹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ወንድሜም እኔን አይቶ እሪ አለ። እማዬ ቁልቁል አየችኝ። ከዚያ ሻንጣውን መልሳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ጎልማሳ ቦርሳውን አንግቦ በአጠገባችን እየሮጠ ገባ፤ ጫማው ወለሉ ላይ ሲጥ ሲጥ ሲል ትዝ ይለኛል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። አክስቴ እንደታመመች አውቃለሁ። እናቴ ለምን እንደምትሄድም አውቃለሁ። ግን እሷ ሄዳ እኔ መቅረቴን ከሁሉ በላይ ፈራሁ።

ዓርብም ቅዳሜም ወንበር አልተገኘም። እሑድ በዋናው መንገድ፣ ሻንጣችንን እያንኳኳን፣ «ከሮም» ገባን። እትዬ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው «እንኳን ደህና መጣችሁ! አየሩ ተስማምቷችኋል መሰል፣ ቀላ ብላችኋል» አሉ። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አላየንማ! አባዬ የሰዉን አደራ በባልደረባው በኩል ላከ። የአክስቴን በርበሬ ግን እማዬ አልሰጥም አለች። «እኔው ነኝ በእጄ የማደርስላት።»

ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ደህና ነች ተባለ። የአባዬ ቀጣይ ፈቃድ እስኪደርስ ሻንጣው በር አጠገብ ቆሞ ቀረ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። እኔ ብድግ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ፣ ሻንጣውን በሁለት እጄ ይዤ በሩ ሥር ቆምኩ። ወንበር የተገኘ መስሎኝ እኮ ነው! ደስ ብሎኝ ነበር፤ በቃ አሁን ትሄዳለች፣ አሁን አልይዛትም ብዬ። አባዬ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ነበር፤ ለካ እሱ ያውቃል። በሩን ሲከፍት እትዬ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ። መርዶ በጠዋት እንደሚነገር ያወቅሁት ያን ቀን፣ በአክስቴ መርዶ ነው። እማዬ ከመኝታ ቤት ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው እነሱን አይደለም፤ ሻንጣ ይዤ የቆምኩትን እኔን ነው።

አባዬም እትዬም አሁን የሉም። ያቺን «ወይ ሁላችን» የምትል ቃል ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም፤ ለልጆቼም አልነገርኳቸውም።

እና ባለፈው ቅዳሜ ፌስታሉን ከሻንጣው አውጥቼ ሳሎን ገባሁ። የማርከሩ ጽሑፍ ደብዝዟል፣ የአክስቴ ስም የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ትነበባለች። እማዬ አየችው። ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከታች የታክሲ ረዳት «ተክለ ሃይማኖት! መርካቶ!» እያለ ይጮሃል። እኔ በልማዴ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። በመጨረሻ ወጣልኝ። «እማዬ፣ ያን ቀን ባልይዝሽ ኖሮ…»

«ምኑን ነው የያዝሽኝ?» አለች፣ ቀና ሳትል። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያቆመኝ መስሎሻል? በሁለት ጣትሽ ነበር የቀሚሴን ጫፍ ያነቅሽው። አንድ ጊዜ ብራመድ ይለቅ ነበር።»

መመላለሴን አቆምኩ።

«እኔው ነኝ የፈራሁት። ያሳደገችኝን ሰው ብቻዬን ገብቼ አልጋ ላይ ልያት? አባትሽም የለ፣ እናንተም የላችሁ። አንቺ ስትጮኺ እፎይ ነው ያልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።» ፌስታሉን በመዳፏ ዳበሰችው። «አንቺ ደግሞ ስትብሰለሰዪ እያየሁሽ አልነገርኩሽም። አፍሬ።»

ስንት ዓመት! እኔ ከእሷ ተደብቄ፣ እሷ ከእኔ ተደብቃ፣ ያ የተዘጋ መስኮት እስከ አሁን አልተከፈተም ነበር ማለት ነው። አለቀስኩ፤ ተናደድኩባትም፣ አልዋሽም። ከዚያ ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም። ቋጠሮውን ልትፈታው ሞክራ ጣቷ እምቢ አላት። ፌስታሉን እንደተቋጠረ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና «ደህና አድርጌ ነበር የደለዝኩት» አለች።

መልሼ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። ዘጋሁትና፣ እጄ ለምዶበት ነው መቼም፣ ወስጄ በሩ አጠገብ አቆምኩት።

«እዚያ አታቁሚው» አለችኝ። «ከአልጋው ሥር መልሽውና ነይ ተቀመጪ። የሚሄድ ሰው የለም።»