እትየ የሺ በተላጨ ራስ ላይ ቅማል ስትፈልግ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ግመል በሚያዞረው የሰሊጥ መጭመቂያ አጠገብ ሳልፍ፣ የትኩስ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝና ቆምኩ። ባለቤቱ የምገዛ መስሎት «ተፈደሊ!» ብሎ ጋበዘኝ። ምን ልበለው? እኔን የሸተተኝ የሰው ጭን ነው። የእትየ የሺ ጭን።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወገራ ተነሥተን፣ በመተማና በገላባት አድርገን ሱዳን ስንገባ እናቴ ታማ ነበር። ገላባት ላይ በሽተኞቹን ለብቻ በሎሪ ጫኗቸው። እኔና አክስቴ ሙሉ በሌላ ሎሪ ወደ መጠለያው ሄድን። «እናቴስ?» ስላት፣ አክስቴ «ከሰላ ከተማ ሐኪም ቤት ናት፤ ሲሻላት ትመጣለች» አለችኝ። አመንኳት። ምነው አላምናት! ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሎሪ መጠበቅ ሆነ። ለልጆች ከሚታደለው ብስኩት ግማሹን ለእናቴ ብዬ በቀሚሴ ጫፍ እቋጥራለሁ። «እስኪ አንዲት አቅምሽኝ» የሚለኝ ልጅ ቢመጣ እናከሳለሁ።

እትየ የሺ የመጠለያው አስተማሪ ነበረች። አገሯ ጎንደር ከተማ፣ ምላሷ እሳት። ትምህርት ቤታችን ከማሽላ አገዳ የተሠራ ዳስ ሲሆን ሰሌዳው የሣጥን ጣውላ ነበር፣ በባትሪ ድንጋይ ጥላሸት የጠቆረ። ፊደል ማስተማሩስ ቀላል ነው። አንዱ ልጅ ድንገት ተነሥቶ ይጮሃል፤ አንዷ ከናካቴው አትናገርም። እሷ ታዲያ «ምን ሆንክ?» አትልም። «ና፣ ቅማል ልይልህ» ነው የምትል።

ወይ ጉድ! ሁላችንንም እኮ ገና መጠለያው በር ላይ ቅማል ፈርተው ላጭተውናል።

«እትየ፣ ፀጉር የለኝም እኮ» አልኳት መጀመሪያ ስትጠራኝ።

«ዝም ብለሽ ጋደም በይ። የማየው እኔ ነኝ አንቺ?»

ጣቷን ሰሊጥ ዘይት ነክራ የደረቀ ራሳችንን ቀስ እያለች ትዳብሳለች። ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ነው መሰል ምላስ ይፈታል፤ ስንቱ ልጅ እዚያ ጭን ላይ ተጋድሞ የሆዱን ዘረገፈ። ሲጨርስ እሷ ትነሣና ከዳሱ ኋላ ወዳለው ዚር፣ ወደ ትልቁ የውኃ እንስራ ሄዳ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። ዓይኗ ለምን እንደቀላ ስንጠይቃት «አቧራ ነው» ትለናለች። ያ አገር አቧራ አያጣም፤ እናምናታለን።

እናቴ ግን ሞታ ነበር። ሎሪው ከሰላ ሳይደርስ አርፋ መንገድ ላይ ቀብረዋታል። ከእኔ በቀር ያልሰማ የለም። መርዶ በእኛ አገር ሰው ተሰብስቦ፣ ገና በማለዳው ይነገራል፤ ለልጅ ግን ማን ይደፍራል? ኋላ እንደነገረችኝ፣ አክስቴ እትየ የሺን «እባክሽ፣ ትንሽ እስክትጠና» ብላ ለምናት ነበር።

«ብስኩት ስትቋጥር እስከ መቼ እንያት? ታልቅስላት እንጂ! እናቷ አይደለችም?» ብላ እትየ የሺ ተቆጣቻት።

አንድ ቀን ስነቃ ደጃችን ሰው ሞልቷል። አዋቂዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የክፍሌ ልጆች በሙሉ ከኋላቸው ቆመዋል። እትየ የሺ መሬት ላይ ተቀምጣ ጭኗን መታ መታ አደረገች። ተጋደምኩ። ራሴን ቀስ እያለች ዳበሰች።

«እናትሽ ከሰላ የለችም፣ የኔ ልጅ። መንገድ ላይ አርፋለች። ሎሪው አያመጣትም።»

እንዴት አድርጌ ጮህኩ! ልጆቹም አብረውኝ አለቀሱ፤ ለካ የየራሱን ያላለቀሰ ብዙ ነበር። ለለቅሶተኛ ንፍሮ ከየት ይምጣ? እትየ የሺ የቀሚሴን ቋጠሮ አየችና «ይሄን እንደ ንፍሮ እናድርገው?» አለችኝ። ራሴ ፈታሁት። የእናቴን ብስኩት እየቆረስኩ ለሁሉም አደልኩ። ያን ባታደርግልኝ ዛሬም ሎሪ ስጠብቅ ነበር።

ሰዉ ሲበተን እሷ የለችም። ዚሩ ጋ አገኘኋት። ፊቷን አልታጠበችም፤ ግንባሯን እንስራው ላይ አስደግፋ ትንሰቀሰቃለች። ያ ሁሉ ልጅ የነገራት የት እንደሚገባ አስቤው አላውቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጭኔን መታ መታ አደረግሁ።

«እትየ፣ ነይ ቅማል ልይልሽ።»

እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ራሷን ትንሿ ጭኔ ላይ ጣለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔም እግሬ እስኪደነዝዝ ንቅንቅ አላልኩም።

እትየ የሺ ቆይታ አገሯ ገብታ አረፈች፤ ነፍሷን በገነት ያኑርልኝ። እኔ እዚሁ ቀርቼ ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ያገሬን ልጆች አስተምራለሁ። ያን ቀን ከገበያው አንድ ጠርሙስ ዘይት ገዛሁ። ክፍሌ ውስጥ በድንበሩ፣ በባሱንዳ በኩል የመጣች፣ ከመጣች ወዲህ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ነበረች። «ነይ፣ ቅማል ልይልሽ» አልኳት። መጣች። ተናገረችም፤ ምነው ባልሰማሁት የሚያሰኝ ነገር።

ከሥራ ስገባ የሴት ልጄ ጭን ላይ ጋደም አልኩ።

«እማ፣ ወላሂ ምንም የለም እኮ» አለችኝ ራሴን እያየች።

«ፈልጊ» አልኳት።