ለጴጥሮስ የተሸመነው ጋቢ

ዛሬም በሲቀላ ሰፈር ሳልፍ ከአንድ ግቢ ውስጥ የሸማ መወርወሪያ ሲመላለስ ከሰማሁ እግሬ ይገታል። አባቴ ሸማኔ ነበር። ከዶርዜ ተራራ ወርዶ አርባ ምንጭ ቤት ከሠራ ጀምሮ፣ የሽመና ዕቃውን ከበሩ አጠገብ ተክሎ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ የምንነቃው፣ እናቴም ዓሣ ልታመጣ ወደ ጫሞ ሐይቅ የምትወርደው በዚያ ድምፅ ነበር።

ጴጥሮስን ለውትድርና የወሰዱት በበጋ፣ የኩልፎ ወንዝ ውኃ በቀጠነበት ወራት ነው። ከሙዝ እርሻ ሲመለስ መንገድ ላይ አፈሱት። እናቴ ስንቅ ይዛ ብትደርስ መኪናው ሄዷል። ዝናቡ ሲጀምር አባቴ እሷ በፈተለችው ማግ አንድ ጋቢ ይሠራ ጀመር፤ ገበያተኛ ዋጋ ሲጠይቀው «የልጄ ነው» ይል ነበር። ሲያልቅ እናቴ አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥር እያወጣች ታናፍሰው፣ መልሳም ትቆልፍበት ነበር።

በሌላው ዓመት ግንቦት፣ ደርግ ሊወድቅ በተቃረበበት ሰሞን፣ ከየጦሩ የተበተኑ ወታደሮች በከተማችን በኩል ወደ ደቡብ ያልፉ ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሰው ከደጁ አይርቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሳለ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመ፤ ሁለት ወታደሮች ሦስተኛውን ተሸክመው ወረዱና ከማንጎው ዛፍ ሥር አጋደሙት። ሞቷል። አንደኛው ወደ እናቴ ቀርቦ፣ ጓደኛው ቁስሉ አመርቅዞበት መንገድ ላይ እንዳረፈ፣ በላቸው እንደሚባል፣ አገሩ ጎጃም እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማያውቅ ነገራት። ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ያጣድፈው ነበር።

«እናቴ፣ ጅብ እንዳይበላብን» አላትና እጇን ስሞ ሮጠ።

ጎረቤቱ ፈራ። ነገ የሚገቡት ታጣቂዎች የደርግ ወታደር የቀበረን ሰው ያስራሉ የሚል ወሬ ነበረና ብዙዎቹ በራቸውን ዘጉ። አባቴ ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቶ፣ ጎረቤታችንን ጋሽ ታደሰን ጠርቶ፣ ሬሳውን ጓሮ አስገቡት። እናቴ ውኃ አሞቀች። እኔን ዞር በዪ ቢሉኝም በመስኮት አየሁ። አባቴ የሟቹን ክንድ ቀስ አድርጎ እያነሳ፣ ቁስሉ ዘንድ ሲደርስ እንደሚያመው ሁሉ እጁን እያቀለለ ያጥበው ነበር።

ሲጨርሱ የሚከፈንበት ጨርቅ ጠፋ። አቡጀዲ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ አባቴ የጀመረውም ሸማ ገና ክንድ አልሞላም። ሁለቱም ሳጥኑ ውስጥ ስላለው ጋቢ አላነሱም። በመጨረሻ እናቴ፣ «የጴጥሮስ አባት፣ እሱን አትጠይቀኝ። ልጄን በቁሙ መገነዝ ይሆንብኛል» አለችው። አባቴ አልጠየቃትም። እሷ ግን ወደ ሬሳው ጎንበስ ስትል አንገቱ ላይ የጠቆረውን ማተብ አየች። እኛ ጴንጤዎች ነንና በቤታችን ማተብ የሚያስር አልነበረም። በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይህን ያሰረችለት እናቱ ናት» አለች፤ ገብታም ጋቢውን ራሷ አመጣችው።

«ሲመጣ ሌላ እሸምንለታለሁ» አላት አባቴ።

ጋሽ ታደሰ ኦርቶዶክስ ስለነበር ቄሱን ለምኖ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር አስፈቀደ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ፍትሐቱን ቀጠሉ። በራቸውን ከዘጉት ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላችን ሲደርሱ፣ እናቴ ለማታውቀው ልጅ ጮኻ አለቀሰች። እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

በመስከረም አባቴ ቃሉን ጠብቆ ሌላ ጋቢ ጨረሰ። ለመስቀል የጋሞ ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ከጦሩ የተረፉትም እየመጡ በየቤቱ እልልታ ይሰማ ነበር። ጴጥሮስ አልመጣም። በበጋው ከእሱ ጋር የዘመተ የጨንቻ ልጅ መጣና፣ ከሰሜን ግንባር ሲያፈገፍጉ ጴጥሮስ እንደወደቀ፣ ቆሞ የሚያነሳው እንዳልነበረ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። ሊያጽናናን ብሎ እንኳ ቀበርነው አላለም። ከለቅሶው በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«በአካባቢው ቤት ነበር?»

«መንደር ነበር፣ እማማ።»

«እንግዲያው ሰው አለ» አለች።

እናቴና አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ። ባለፈው ልጄ በስልኩ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀ የአንድ ወጣት ሬሳ አሳየኝ፤ ከሥሩ ሰዎች እየሳቁ፣ እየተሰዳደቡ ጽፈውበታል። ዝጋው አልኩት። ዘጋውና፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ሟቹ የየትኛው ወገን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም በዚያ የግንቦት ቀን በእኛ ጓሮ ይህን የጠየቀ ሰው ኖሮ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልነበረም።