የዘገየችው ጊደር

ከጎረቤት ግቢ አዲስ የተወለደ ጥጃ ሽታ ሲመጣ፣ ደምበጫ አጠገብ ያደግሁበት ቤት ትዝ አለኝ።

አንድ ጠዋት አባቴ፣ እኩዮቿ ሁሉ ወልደው እሷ ገና ያላረገዘችውን ጊደራችንን ሊሸጣት ገመድ አሰረባት። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«በእናቷ ወጥታ ነው። እናቷም ዘግይታ ነው የወለደች፤ መሃን አይደለችም» አለችው።

«ሰው ሁሉ ሽጣት ይለኛል።»

«ያኔ እኔ መውለድ ስዘገይም ፍታት ብሎዎት ነበር» አለች፣ ወደ እኔ እያየች።

አባቴ አቀርቅሮ ገመዱን ፈታ። እናቴ ለጊደር ብላ ለምን እንደምታለቅስ ያኔ አልገባኝም ነበር። ጊደሯ በዓመቱ ወለደች።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ባልሽ ምን አለ?» ብላ ነው።

«አብሮኝ አለቀሰ» አልኳት።