ዝም ያለችው ጎማ

አባቴ መኪናዬን የጠሏት ገና ስገዛት ነው። ከዐረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ስከፍት ደስ ብሏቸው ነበር፤ ዕቃውን ከባሕር ዳር ራሴ እየነዳሁ እንደማመጣ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ከሚኖሩበት ከገሳይ ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር ወሬያቸው አንድ ነው፤ «ሽጪያት»። ብሸጣት ለጭነት የምከፍለው ትርፌን ይበላውና ሱቁ ዓመት አይደፍንም። ይህን ስነግራቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ። እኔም ግትርነቱን የወረስኩት ከእሳቸው ስለሆነ አልሸጥም አልኩ።

በሙግቱ የምታግዛቸው ከመሪው ኋላ የምትበራ ትንሽ ቢጫ መብራት ነበረች። ድስት ትመስላለች፤ መሐሏ ላይ ቃለ አጋኖ ተሰክቷል። በቤታችን ስሟ «ድስቷ» ነው። የጎማ አየር ሲጎድል ትበራለች። እኩለ ቀን ላይ ባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ያስነፋሁት ጎማ ደብረ ታቦር ብርድ ላይ ሲያድር አየሩ ይኮማተርና ግፊቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትበራለች። ትንሽ ስነዳ ጎማው ይሞቅና ብዙውን ጊዜ ትጠፋለች። አባቴ ይህ አይዋጥላቸውም። «ራሷ መኪናዋ አትንጂኝ እያለችሽ ነው» ይሉኛል።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ዕቃ ላመጣ ሞተር ሳስነሳ ድስቷ እንደወትሮዋ ዝም ብላ አልበራችም። ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ስትል ቆየችና ከዚያ በርታ ቀረች። እኔ ዘንድ ያደሩት አባቴ በመስኮቱ አጎንብሰው ያዩ ነበር።

«ዛሬስ ጠቀሰችሽ» አሉ። «በይ ሞተሩን አጥፊና ውረጂ።»

ተለማምጬ፣ አብረን ጎሚስታ ጋ ሄደን እናሳያት ብዬ አሳመንኳቸው። ጎሚስታው አራቱንም ጎማ ለካ፤ ሁሉም ሙሉ ነው። ቀጥሎ አንዲት መመርመሪያ ይዞ ጎማዎቹን እየዞረ አየና የኋላው ቀኝ ላይ ቆመ። በየጎማው ውስጥ፣ አየር ከሚነፋበት ቀዳዳ ሥር፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ እንዳለች ነገረን። ግፊቱን እየለካች ያለ ሽቦ፣ እንደ ሬዲዮ፣ ለመኪናዋ ታስተላልፋለች። በዚህኛው ጎማ ውስጥ ያለችው ባትሪዋ አልቋል። ባትሪው ብቻውን ስለማይቀየር ዕቃዋ እንዳለች መቀየር አለባት፤ እሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ ካልተላከች እዚህ አትገኝም።

«ጎማው ሙሉ ከሆነ ጎደለ እምትል ለምንድን ነው?» አሉ አባቴ።

«ጎደለ አላለችም አባባ» አልኳቸው። «ሲጎድልማ ሳትጠቅስ ነው እምትበራው። ስትጠቅስ የአንዷ ድምፅ ጠፋብኝ ማለቷ ነው። ትጉደል ትሙላ አላውቅም ነው እምትል።»

«ድምፅ ጠፋብኝ ብቻ?»

«እሱን ብቻ።»

የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ሄደው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አጣፉ።

«አሠሪዎችሽ ስልክሽን የቀሙሽ ጊዜ» አሉ፣ «ድምፅሽ ሲጠፋ እኛ ለቅሶ ተቀመጥን። ፍትሐትሽም ተደረገ። እንደዚች አላውቅም ማለት አቃተን።»

አላውቅም ነበር። ስመለስ የጎረቤት ሴቶች አንገቴን አቅፈው ያለቀሱትን ለቅሶ ናፍቆት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ለእኔ እንዳይነገር የከለከሉት እሳቸው እንደሆኑም ነገሩኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እኔ በሰው ቤት ወለል ስወለውል እዚህ ተለቅሶልኝ አልቋል። ወዲያው ደግሞ እሳቸው ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ታዩኝና ሄጄ ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። ጎሚስታው ጎማ የሚያገላብጥ መስሎ ዞር አለልን።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ሽጪያት» ብለውኝ አያውቁም። አዲሷ ዕቃ እስካሁን አልተላከችም፤ ድስቷም በየጠዋቱ እንደጠቀሰች ነው። አባቴ እኔ ዘንድ ሲያድሩ ከእኔ ቀድመው ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ የገዛሁላቸውን የአየር መለኪያ ይዘው የኋላው ቀኝ ጎማ ሥር ቁጢጥ ይላሉ። ሌሎቹንስ ስላቸው ቀና እንኳ አይሉም።

«እነዚያማ ይናገራሉ» ይሉኛል። «ሄዶ ማየት ዝም ያለችውን ነበር።»